ለመጀመሪያው የቤታችን ግቢ፦ የባትሪ ወይስ የቤንዚን ሣር ማጨጃ?

አዲስ ገቢ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

የተከበራችሁ ወገኖች፣ ጤና ይስጥልኝ። ከባለቤቴ ጋር ለ9 ዓመታት በአፓርታማ ከኖርን በኋላ ባለፈው ኅዳር እግዚአብሔር ረድቶን ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የራሳችንን ቤት ገዛን። ቦታው በሰነዱ ላይ ሩብ ኤከር ተብሎ ተመዝግቧል፤ ቤቱ፣ የመኪና መግቢያውና ከኋላ ያለው ንጣፍ ሲቀነሱ ሣር ሆኖ የሚቀረው፣ በእርምጃ ስለካው፣ 600 ካሬ ሜትር ያህል ነው። የፊት ለፊቱ ግቢ ሜዳ ነው፤ የኋላው ግን ወደ አጥሩ ያዘቀዝቃል፤ በመካከሉም ሥሩ ከአፈር በላይ የወጣ ትልቅ የሜፕል ዛፍ አለ። ወደ ኋላ የሚያስገባው የአጥር በር ስፋት 36 ኢንች ነው። ሣሩን በተመለከተ የቀድሞው ባለቤት ቶል ፌስኪው የሚባለው ዓይነት እንደሆነ ነግሮናል።

ሣር ማጨድ ለእኔ እንግዳ ሥራ አይደለም፤ ነገር ግን የማውቀው በልጅነቴ ደብረ ማርቆስ አካባቢ ለከብት መኖ በማጭድ የምናጭደውን ነው። ሚያዝያ ሲገባ የግቢያችን ሣር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቁርጭምጭሚት አልፎ ወጣ። ከአንድ ወዳጄ የተዋስኩት የቤንዚን ማጨጃ ደግሞ ገመዱን ደጋግሜ ብስበውም ሊነሣ አልቻለም፤ ወዳጄን ብጠይቀው ካለፈው ጥቅምት ጀምሮ ቤንዚን እንደያዘ መጋዘን ውስጥ ቆሞ እንደ ነበር ገለጸልኝ። በዚህ መካከል የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ሣሩን እንድናጭድ የሚያሳስብ ደብዳቤ ላከልን፤ ገና በመጀመሪያው ጸደያችን እንዲህ ያለ ደብዳቤ በመድረሱ ባለቤቴ በጣም አዘነች።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው፦ ለእንዲህ ያለ ግቢ የባትሪውን ልግዛ ወይስ የቤንዚኑን? የስለቱ ስፋትስ ምን ያህል ቢሆን ይሻላል? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ገንዘቤን አውጥቼ የገዛሁት ማሽን እንደ ወዳጄ ማሽን በሚቀጥለው ዓመት አልነሣ እንዳይለኝ ምን ማድረግ እንዳለብኝ በዝርዝር ብታስረዱኝ እጅግ አመሰግናለሁ።


የሁለት ልጆች እናት (ውድብሪጅ፣ ቨርጂኒያ)

ወንድሜ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ፤ ቤቱን የደስታና የበረከት ያድርግላችሁ። ደብዳቤውን በተመለከተ ባለቤትዎን ያጽናኑልኝ፤ በእኛም ሰፈር አዲስ ገቢ ሁሉ ማለት ይቻላል አንድ ጊዜ የሚደርሰው ነው።

እኔ 500 ካሬ ሜትር የሚሆን ሣር በባለ 56 ቮልት የባትሪ ማጨጃ ስንከባከብ ይህ አምስተኛ ዓመቴ ነው። ባትሪው 5 አምፔር ሰዓት ሲሆን፣ አዲስ በነበረበት ጊዜ ሣሩ ደረቅ ከሆነና በየሳምንቱ ከታጨደ በአንድ ሙሌት 40 ደቂቃ ያህል ይሠራልኝ ነበር፤ ዛሬ 30 ደቂቃ ይደርሳል። እርጥብ ሣር ወይም ሁለት ሳምንት የቆየ ሣር ሲገጥመው ግን ከዚህም ያነሰ ስለሚሆን መሐል ላይ ቆሞ ቻርጅ እስኪሞላ መጠበቅ ይመጣል። ትንሹ ልጄ ሕፃን በነበረበት ጊዜ እርሱ ተኝቶ ሳለ ከመስኮቱ ሥር ማጨድ መቻሌ ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር። ሥራው ሲያልቅም መያዣውን አጥፌ ማሽኑን ግድግዳ ላይ በቁሙ አቆመዋለሁ፤ ዘይትና ቤንዚን ስለሌለው የሚፈስ ነገር የለም።

የሠራሁትን ስሕተት ግን ሳልነግርዎ ማለፍ አልፈልግም። በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ባትሪውን ሙሉ በሙሉ እንዳለቀ ከማሽኑ ሳላወጣ ደጅ ባለው የእንጨት ቤት ውስጥ ለበረዶው ወራት ተውሁት። በማርች ቻርጀሩ ላይ ስሰካው ቀይ መብራት ብቻ አሳየኝና አልቀበል አለ። አዲስ ባትሪ ለመግዛት የማሽኑን ዋጋ ግማሽ የሚጠጋ ገንዘብ ከፈልሁ። ከዚያ ወዲህ የመጨረሻውን አጨዳ እንደ ጨረስሁ ባትሪውን ግማሽ ያህል ሞልቼ ቤት ውስጥ፣ ሙቀት መስጫው አጠገብ ባልሆነ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጠዋለሁ፤ በወር አንድ ጊዜም መብራቱን አያለሁ። ይኸው ሁለተኛው ባትሪ አራተኛ ዓመቱን ይዟል።


የሞተር ሠራተኛ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ወንድሜ፣ እንኳን ለቤትዎ አበቃዎ። በትንንሽ ሞተሮች ጥገና ላይ ከተሰማራሁ 11 ዓመት ሆኖኛል፤ በየዓመቱ በሚያዝያ ወር ወደ ሱቃችን የሚገቡት ማሽኖች አብዛኞቹ የወዳጅዎ ማሽን ያለበት ችግር ያለባቸው ናቸው። ሣር ማጨጃን ሥራ ብዙ ጊዜ አይገድለውም፤ የሚገድለው ሥራ ፈትቶ የሚቆምባቸው አምስት ወራት ናቸው። እህታችን ስለ ባትሪው የነገሩንም ይህንኑ ነው። ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ግን ስለ ምርጫው ልናገር።

ሰው ወደ መደብር ገብቶ መጀመሪያ የሚያየው የሞተሩን ጉልበት ነው፤ መታየት ያለበት ግን መሬቱ ነው። የእርስዎ ግቢ 600 ካሬ ሜትር ነው ብለዋል። የተለመደው ባለ 21 ኢንች ማጨጃ መሥመሮቹ ትንሽ እንዲደራረቡ ሲደረግ በአንድ መሥመር 46 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሸፍናል፤ ስለዚህ በጠቅላላው 1,300 ሜትር ገደማ ይራመዳሉ። በተረጋጋ እርምጃ፣ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ቢሄዱ፣ 20 ደቂቃ ይሆናል፤ መዞሩ፣ ዛፉን መዞሩና ቁልቁለቱ ሲጨመሩ ደግሞ ወደ 40 ደቂቃ ይጠጋል። ይህ ለአንድ ደኅና ባትሪ የሚመጥን ሥራ ነው። ባለ 21 ኢንቹ በ36 ኢንች በር ያለ ችግር ያልፋል፤ ከዚያ በጣም የሰፋውን ግን በሩም ዛፉም አይፈቅዱልዎትም።

እንጀራዬን የማገኘው በአብዛኛው ከቤንዚን ማሽን ነው፤ ቢሆንም ለእርስዎ ግቢ የባትሪውን እመክራለሁ። ግቢዎ ግማሽ ኤከርና ከዚያ በላይ ቢሆን፣ ወይም ሣሩን በሁለትና በሦስት ሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ለማጨድ ጊዜ ያለዎት ቢሆን መልሴ ሌላ በሆነ ነበር፤ ረጅምና እርጥብ ሣር ላይ የቤንዚን ሞተር ዛሬም የተሻለ ትዕግሥት አለው። ገበያው ወዴት እንደሚሄድም ማየት አለብዎት፦ ሞተሩ እንዲያ የተመሰገነለት ሆንዳ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2023 ለአሜሪካ ገበያ የቤንዚን ሣር ማጨጃ ማምረቱን አቁሟል። በተጨማሪም እርስዎ የሚኖሩበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ በቤንዚን የሚሠራ ቅጠል ማራገቢያ መጠቀምን ከልክሏል። ክልከላው ማጨጃን አይመለከትም፤ ነገር ግን ያ የሜፕል ዛፍ በመከር ወራት የሚያራግፈውን ቅጠል ለማንሣት ማራገቢያ መግዛትዎ አይቀርም፤ በዚያን ጊዜ ማጨጃውና ማራገቢያው በአንድ ዓይነት ባትሪ የሚሠሩ ከሆነ ሁለተኛው ዕቃ ያለ ባትሪ ስለሚሸጥ በጣም ይረክሳል። ስለዚህ ሲገዙ ማሽኑን ብቻ ሳይሆን ባትሪውን የሚጋሩትን ዕቃዎች ሁሉ አስበው ይምረጡ።

ባትሪ ሲያወዳድሩ በቮልቱ ብቻ አይታለሉ። ቮልቱን በአምፔር ሰዓቱ ያባዙት፤ የሚገኘው ዋት ሰዓት ነው፣ የያዘው ጉልበትም እርሱ ነው። 56 ቮልት በ5 አምፔር ሰዓት 280 ይሆናል፤ 40 ቮልት በ4 አምፔር ሰዓት ግን 160 ብቻ ነው። ለ600 ካሬ ሜትር ቁልቁለት ላለው ግቢ ከ280 በታች አልመክርም፤ ከተቻለም 400 የሚጠጋ ቢሆን ከአምስት ዓመት በኋላም ባትሪው ሲደክም ግቢውን በአንድ ሙሌት ይጨርስልዎታል።

ስለ ቁልቁለቱ፦ በራሱ የሚሄድ፣ ያውም በኋላ ጎማዎቹ የሚገፋ ይሁን። በፊት ጎማ የሚጎተተው ሜዳ ላይ ለመዞር ይቀላል፤ ሽቅብ ሲወጣ ግን ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚሄድ የፊት ጎማዎቹ ይሽከረከራሉ። ከኋላ እየተራመዱ በሚገፉት ማሽን ቁልቁለትን የሚያጭዱት አግድም ነው፤ ሽቅብና ቁልቁል ካደረጉት እግር ሲንሸራተት ወይ ማሽኑ ወደ እርስዎ ይመጣል ወይ እርስዎ ወደ ማሽኑ ይሄዳሉ። ሞተር የሌለው፣ በእጅ እየተገፋ የሚሽከረከረው ማጨጃ ለትንሽ ሜዳ ግሩም ነው፤ የእርስዎን ፌስኪው በሚገባው ቁመት ለመተው ግን አብዛኞቹ ዝቅ ያሉ ናቸው፣ የሜፕሉ ሥርም ያቆማቸዋል።

ቁመቱ ዋና ነገር ነው። ቶል ፌስኪው ከ3 እስከ 4 ኢንች ሆኖ መተው አለበት፤ በአንድ አጨዳም ከሣሩ ቁመት ከሲሶ በላይ አይቆረጥም። 3.5 ኢንች ላይ ማቆየት ከፈለጉ 5 ኢንች ገደማ ሲደርስ ያጭዱታል ማለት ነው። ብዙ ወገኖቻችን ቶሎ እንዳያድግ ብለው መሬት ድረስ ይላጩታል፤ ሣሩ በጁላይ ሙቀት ይቃጠልና በነሐሴ ባዶውን ቦታ አረም ይወርሰዋል። አሁን በጣም ስላደገ በመጀመሪያው ቀን በከፍተኛው ቁመት አጭደው ከሦስት ወይም ከአራት ቀን በኋላ ዝቅ አድርገው ይድገሙት። ከረጢቱን ማንጠልጠልም ግድ አይደለም፤ ማሽኑ አድቅቆ መልሶ ሲበትነው ሣሩ በዓመት ከሚያስፈልገው ናይትሮጅን እስከ ሩብ የሚደርሰውን ይመልሳል። በሜሪላንድ ለቤት ሣር ማዳበሪያ መስጠት ከኖቬምበር 15 እስከ ማርች 1 በሕግ የተከለከለ ነው፤ ሕጉ የወጣው የቼሳፒክን የባሕር ወሽመጥ ለመጠበቅ ስለሆነ፣ አስፋልት ላይ የተበተነውን ሣርም ጠርገው ወደ ግቢው ይመልሱት እንጂ ወደ ጎርፍ ማውረጃው እንዳይገፉት አደራ።

አሁን ወደ ቆመው ማሽን ልምጣ፤ የቤንዚን ማሽን ያላችሁ ሁሉ ይህን ልብ በሉልኝ። በአሜሪካ ማደያዎች የሚሸጠው ቤንዚን በአብዛኛው እስከ 10 በመቶ ኢታኖል የሚባል አልኮል አለበት። ኢታኖል ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ቤንዚኑም በ30 ቀን ውስጥ መበላሸት ይጀምራል፤ ቀላሉ ክፍል ሲተን የቀረው ቤንዚንን ከአየር ጋር በሚቀላቅለው ክፍል፣ በካርቡሬተሩ፣ ጠባብ ቀዳዳዎች ውስጥ እንደ ሙጫ ይደርቃል። ስለዚህ የወሩን ብቻ ይግዙ፤ ኢታኖሉ 15 በመቶ የሆነውን ፈጽሞ አያስገቡ። ወቅቱ ሊያልቅ ሲል ደግሞ ከሁለት አንዱን ያድርጉ፦ ወይ ትኩስ ቤንዚን ላይ ቤንዚኑ እንዳይበላሽ የሚያደርገውን ማቆያ መድኃኒት ጨምረው ካርቡሬተሩ ውስጥ እስኪገባ 10 ደቂቃ ያህል ያስነሡት፣ ወይ ታንኩን አፍስሰው ሞተሩ በራሱ እስኪጠፋ ያሠሩት። ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ በዓመት አንድ ጊዜ ይለውጡ፤ የአየር ፊልትሮውን በየ25 ሰዓት ሥራ ይዩት፣ አቧራማ ከሆነ ቀደም ብለው። ዘይቱን ሞተሩ ሞቅ እንዳለ ይለውጡ፤ ከግማሽ ሊትር ትንሽ ይበልጣል። አዲስ የቤንዚን ማሽን ብዙ ጊዜ ያለ ዘይት እንደሚሸጥ፣ ዘይቱም በካርቶኑ ውስጥ በጠርሙስ ለብቻው እንደሚቀመጥ የማያውቁ ሰዎች በመጀመሪያው ቀን ሞተሩን ሲያቃጥሉ አይቻለሁ፤ በጣም ያሳዝናል።


ከሲኤምሲ (አዲስ አበባ)

ከአገር ቤት ሆኜ ስለማነብ ጥቂት ልጨምር፤ ምክንያቱም እናንተ የምትገዙት ማሽን ብዙ ጊዜ መጨረሻው እኛ ጋ ነው። ወንድሜም ከአሜሪካ አንድ የባትሪ ማጨጃ በመርከብ ልኮልኝ ነበር። ቻርጀሩ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ መሆኑን ሳላነብ በእኛ 220 ቮልት ሶኬት ላይ ሰካሁት፤ ወዲያው ተቃጠለ። አንዳንዱ ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ቮልት እንደሚቀበል ጀርባው ላይ ተጽፎበታል፤ እንዲህ ያልተጻፈበትን ለቤተሰብ የምትልኩ ከሆነ አስቀድማችሁ አስጠንቅቁ፣ ወይም ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር አብራችሁ አስቡ። በሻንጣ ይዛችሁ ለመምጣት ደግሞ አታስቡ፤ ከ160 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ የሊቲየም ባትሪ በመንገደኛ አውሮፕላን አይፈቀድም፣ ከላይ የተጠቀሰው ባለ 280ም በአየር ማረፊያው ይቀራል።

የቤንዚኑም ቢሆን እዚህ ሌላ ጠባይ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ በቆላ የተስተካከለ ሞተር እዚህ ሲመጣ ከጉልበቱ ሩብ የሚጠጋውን ያጣል፤ ቤንዚኑም ከአየሩ ጋር ሲነጻጸር ስለሚበዛበት ጥቁር ጭስ ያጨሳል፣ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል። የእኔን አንድ መካኒክ የካርቡሬተሩን ቀዳዳ በጠበበው ለውጦልኝ ተስተካከለ። ኮሎራዶ ያላችሁም ይህ የሚያጋጥማችሁ ይመስለኛል።

ሌላው የወቅቱ ነገር ነው። እናንተ ክረምት ስትሉ ሣሩ የሚተኛበትን በረዶ ነው፤ በእኛ ክረምት ግን ከሰኔ እስከ መስከረም ሣሩ የሚፈነዳበት ጊዜ ነው፤ ሰርዶውም ሆነ ኪኩዩ የሚባለው ሣር በየሳምንቱ ካልታጨደ ይተኛና ማሽን አያስገባም። ስለዚህ እኛ ማሽናችንን አዘጋጅተን የምናቆመው ለደረቁ ወራት ነው፤ ስለቱን የምንስለውም ግንቦት ሳያልቅ ነው። በጀሪካን ቤንዚን ማግኘት አስቸጋሪ በመሆኑም እኔ በመጨረሻ ገመድ ያለውን የኤሌክትሪክ ማጨጃ መርጫለሁ፤ ለ200 ካሬ ሜትር ግቢ በቂ ነው፣ መብራት ከሌለም በማግሥቱ አጭዳለሁ። ሣሩ እርጥብ በሆነበት ሰዓት ግን ከቶ አልነካውም፤ ገመድና ውኃ አብረው አይሄዱምና።


አዲስ ገቢ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ምክራችሁን ከባለቤቴ ጋር ሁለት ጊዜ ካነበብን በኋላ በኋላ ጎማ የሚሄደውን፣ ባለ 21 ኢንች፣ ባለ 56 ቮልት የባትሪ ማጨጃ ከባለ 7.5 አምፔር ሰዓት ባትሪ ጋር ገዛን። የፊቱን ግቢ እንደ ተመከርሁት በሁለት ዙር አጭጄዋለሁ።

ሁለት ነገር ይቀረኛል። የመጀመሪያው፣ ስለቱ መቼና እንዴት ይሳላል? ሁለተኛው የወዳጄ ማሽን ነው፤ በእኔ እጅ ሆኖ ሳይነሣ መመለሱ ከብዶኛል። ራሴ ልሞክረው የምችለው ነገር ካለ ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።


የሞተር ሠራተኛ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልካም ገዝተዋል። ስለቱን መቼ መሳል እንዳለብዎ ሣሩ ራሱ ይነግርዎታል። ካጨዱ በኋላ በማግሥቱ ጥቂት ቅጠል ቆርጠው ጫፉን ይዩ፤ እንደ መቀስ የተቆረጠ ከሆነ ስለቱ ደኅና ነው፤ ተቦጭቆ ጫፉ ነጭ ጭራ ካበጀና ግቢው ከሩቅ ሲታይ ገርጥቶ ከታየ ዶልዱሟል። የተቦጨቀ ሣር ውኃ ያጣል፣ ለበሽታም ይጋለጣል። በባትሪ ማሽን ላይ ደግሞ ዶልዱም ስለት ባትሪውን ቶሎ ይጨርሰዋል፤ ሰዎች ባትሪው ደከመ ብለው አዲስ ሲገዙ ጥፋቱ የስለቱ ሆኖ የተገኘበት ጊዜ ብዙ ነው። በ25 ሰዓት ሥራ አንድ ጊዜ፣ ለእርስዎ ግቢ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ይበቃል።

ከመንካትዎ በፊት ባትሪውን ያውጡ፣ የደኅንነት ቁልፍ ካለውም ይንቀሉ፤ በቤንዚኑ ማሽን ከሆነ የካንዴላውን ገመድ ነቅለው ያርቁት። እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጥ ከኋላ የሚገፋ ማጨጃ መያዣው ሲለቀቅ ስለቱ በ3 ሴኮንድ ውስጥ እንዲቆም ሕግ ያስገድዳል፤ ይህ ግን የቆመ ማሽን በድንገት እንዳይነሣ ዋስትና አይሆንም። የቤንዚን ማሽን ሲያጋድሙ ካርቡሬተሩና የአየር ፊልትሮው ያሉበት ጎን ምንጊዜም ወደ ላይ ይሁን፤ ወደ ታች ከሆነ ዘይቱ ፊልትሮውን ያጠጣና ሲነሣ ነጭ ጭስ ያጨሳል።

ስለቱ እንዳይዞር በእርሱና በሽፋኑ መካከል ቁራጭ እንጨት ያስገቡና ብሎኑን ይፍቱ። ከመፍታትዎ በፊት ወደ መሬት የሚያየውን ፊት በቀለም ምልክት ያድርጉበት፤ ገልብጠው ቢገጥሙት ምንም አይቆርጥም። ከዚያ በሞረድ ይሳሉት፦ የነበረውን የአፉን ዝንባሌ ተከትለው፣ ከላይኛው ፊት ብቻ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ በሁለቱም ጫፍ እኩል ቁጥር። እንደ ምላጭ እንዲሆን አይድከሙ፤ በጣም የሳሳ አፍ በመጀመሪያው ጠጠር ይሸረፋል። ሲጨርሱ መካከለኛውን ቀዳዳ ግድግዳ ላይ በተመታ ሚስማር አንጠልጥለው ይመልከቱ፤ ወደ አንድ በኩል ካዘነበለ የከበደውን ጫፍ እስኪስተካከል ይሙረዱት። ሚዛኑ ያልተስተካከለ ስለት ማሽኑን ያንቀጠቅጥና የሞተሩን ዘንግ ይጎዳል። በሽፋኑ ሥር የተጋገረውን ሣርም በእንጨት ወይም በፕላስቲክ መፋቂያ ይፋቁት፤ የባትሪውን ማሽን በውኃ ጎማ አይጠቡት።

የወዳጅዎን ማሽን በተመለከተ መጀመሪያ አሮጌውን ቤንዚን በእጅ ፓምፕ ወደ ጀሪካን ያውጡ። ወደ ፍሳሽም ወደ አፈርም አይድፉት፤ ካውንቲዎ ሼዲ ግሮቭ ባለው የቆሻሻ ማስተላለፊያ ጣቢያ ከነዋሪዎች ይቀበላል። በካርቡሬተሩ ሥር ትንሽ ኩባያ የምትመስል ክፍል አለች፤ የያዛትን አንድ ብሎን ሲፈቱ ትወርዳለች። በብዙዎቹ ሞዴሎች ዋናው የቤንዚን ቀዳዳ በዚያው ብሎን ውስጥ ወይም ከበላዩ ነው፤ ሰው በዓይኑ እንኳ የማያያት ቀዳዳ ናት። በካርቡሬተር ማጽጃ ርጭትና በቀጭን ሽቦ ይክፈቷት፤ ቀዳዳዋ እንዳትሰፋ ሽቦውን አይጫኑት። ገጥመው ትኩስ ቤንዚን ያድርጉ፣ ካንዴላውንም በአዲስ ይተኩ። ይህ ሁሉ ሆኖ ካልተነሣ ወዳጅዎ ባለፈው ዓመት ግንድ ወይም ድንጋይ መትቶ እንደ ሆነ ይጠይቁት፤ እንዲያ ባለ ምት በሞተሩ መዘውር ላይ ያለች ትንሽ የብረት ቁልፍ ትቆረጥና እሳቱ በተሳሳተ ሰዓት ይመጣል። ያን ጊዜ ወደ ባለሙያ ይውሰዱት።


የሁለት ልጆች እናት (ውድብሪጅ፣ ቨርጂኒያ)

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ልጆች ካሉዎት፣ ማሽኑ በሚሠራበት ጊዜ ሁሉ ልጆቹ ቤት ውስጥ ይሁኑ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከኋላ የሚገፋውን፣ ከ16 ዓመት በታች ያለ ደግሞ ተቀምጠው የሚነዱትን ማጨጃ እንዳይሠራ ይመክራል። እኔ ከማጨዴ በፊት ግቢውን በእግሬ ዞሬ አሻንጉሊትና ድንጋይ እለቅማለሁ፤ ስለቱ የሚወረውረው ጠጠር የጎረቤት መስኮት ሲሰብር አይቼ፣ የልጅ ዓይን ቢሆንስ ኖሮ እያልሁ ብዙ ቀን ስጨነቅ ቆይቻለሁ።


አዲስ ገቢ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ቅዳሜ ጠዋት የካርቡሬተሩን ኩባያ ከፈትሁት። ከታች አረንጓዴ ሙጫ የመሰለ ነገር ተጋግሮ ነበር፤ በብሎኑ ውስጥ ያለችውም ቀዳዳ ሙሉ በሙሉ ተደፍና ነበር፣ ርጭቱም ሦስት ጊዜ ካጠጣሁት በኋላ ነው የከፈታት። ካንዴላውን ለውጬ ትኩስ ቤንዚን ሳደርግበት ገመዱን ለአራተኛ ጊዜ ስስበው ተነሣ። ስለቱን በሞረድ ስዬ ሚስማር ላይ አመዛዝኜዋለሁ፤ አንደኛው ጫፍ ከብዶ ስለነበር ጥቂት ቀነስሁለት።

የኋላውን ቁልቁለት በአዲሱ ማሽን አግድም አጭጄ 22 ደቂቃ ፈጀብኝ፤ ባትሪውም ከግማሽ በላይ ቀርቶታል። የወዳጄን ማሽን ነገ እመልስለታለሁ፤ ታንኩን ባዶ አድርጌ፣ ማቆያ መድኃኒቱንም አንድ ጠርሙስ ገዝቼ ከመያዣው ላይ አስሬለታለሁ።